ጊንጪ ላይ ያዘዝኩት ሁለተኛ ጥብስ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከባጃጅ ወደቅኩ። ባጃጇ ቆማ ነበር። እየበረረች ሳለ ብወድቅ ወሬው እንኳ ትንሽ ክብር ይኖረው ነበር፤ እኔ ግን ከፍዬ ከወረድኩ በኋላ፣ ለሾፌሩ አንድ ቀልድ ልጨምርለት ዞር ስል እግሬና ከዘራዬ ተጠላልፈው አምቦ አስፋልት ላይ ተዘረጋሁ። ሾፌሩ የቀልዱ ማሳረጊያ መስሎት ሆዱን ይዞ ሳቀ። የደነገጠው ደሜን ሲያይ ነው።

ሴት ልጄ «ጭንቅላትህን ሳትታይማ አይሆንም» ብላ አዲስ አበባ ይዛኝ ሄደች። ክንዴ ላይ መድኃኒት ወግተው፣ ትልቅ ቀለበት በመሰለ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው አወጡኝ። ከዚያ የልጅ ልጄ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሐኪም ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆመኝ።

«አባባ፣ ይህችን ቀጭን መስመር ያዩዋታል?»

«መነጽሬ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ለእርስዎ ስል ግን አያለሁ።»

«የደም ቧንቧ ናት። በእናታችን ሆድ ውስጥ ሳለን ለጊዜው ታገለግላለች፤ ከመወለዳችን በፊት ትዘጋለች። የእርስዎ አልተዘጋችም። እንዲህ ያለ ብዙ ሰው ላይ አይገኝም።»

በሕይወቴ ጭንቅላቴ ውስጥ ብርቅ ነገር አለ ሲባል የመጀመሪያዬ ነው። «እናቴ ሊዘጋ ሲገባው ያልተዘጋ የምትለው አፌን ነበር» አልኩት። ሐኪሙ ሳቀ፤ ልጄ ግንባሯን ያዘች።

ከዚያ ሐኪሙ ሳቁን ሰብሰብ አድርጎ፣ ይህች ቧንቧ በራሷ የምትጎዳው ሰው ጥቂት እንደሆነ፣ ያለችባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን የደም ቧንቧ ግድግዳ አንድ ቦታ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሊያብጥ እንደሚችል፣ እብጠቱ ቢፈነዳም ጊዜ እንደማይሰጥ ነገረኝ። «የእርስዎን አገላብጬ አየሁት፤ እብጠት የለም። ግን ልጠይቅዎት። ከወንድም ወይም ከእህት በድንገተኛ ራስ ምታት የሞተ ሰው አለ?»

እኔ ለጥያቄ መልስ አላጣም። ባላውቀው እንኳ እፈጥራለሁ። ያን ቀን ግን አፌ ተዘጋ።

ታናሽ እህቴ ለሊሴ ነበረች።

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሠላሳን ዘልዬ ሚስት ስላላገባሁ በአምቦ ሕግ ገና ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ ከብት መከተብ ነው። የደንዲ ገበሬዎች «ዶክተር» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል፤ አምቦ ቤታችን ስደርስ ደግሞ ስሜ «ጊደር ወጊው» ይሆናል። ይህን ስም ያወጣችልኝ ለሊሴ ናት። እሷ ጎጆ ላይ አስተማሪ ነበረች። ጀልዱ ውስጥ ያለችውን ከተማ ማለቴ ነው፤ ብርዷ ጥርስ የሚያስቆጥር፣ ድንቿ ግን እሳት ዳር ሲላጥ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ጎጆን። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመጣት መኪና ስታገኝ ድንች በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ትወርዳለች፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ቆማ ትዘምራለች። እኔም አንድ ሰሞን ዘማሪ ነበርኩ። ድምፄን እስኪሰሙኝ ድረስ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አንድ ቅዳሜ ራሷን በሻሽ ጠፍራ መጣች። የግራ ዐይኗ ቆብ እንደ መጋረጃ ወርዷል።

«ማንን ነው የምትጠቅሺው? እዚህ ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን» አልኳት።

«አታስቀኝ፣ ጋሽዬ፣ ስስቅ ያመኛል» አለች፣ እየሳቀች።

የዐይኗን ቆብ በጣቴ ቀና አድርጌ አየሁት። ብሌኗ ሰፍቶ ቀርቷል፤ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ቢገባም አይሰበሰብም። እንዲህ ያለ ዐይን ከብት ላይ ሳይ ለባለቤቱ ደስ የሚል ወሬ ነግሬው አላውቅም። ሰኞ ጠዋት እዚያው አምቦ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ያልሰነበተ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ወለሉን የሚያይ ልጅ ነበር። በባትሪ ዐይኗን መላልሶ አየና ዐይንን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ያበጠ የደም ቧንቧ ሳይጫነው እንዳልቀረ፣ ከመፈንዳቱ በፊት አዲስ አበባ ሄዳ የጭንቅላቷ ውስጥ በመሣሪያ መታየት እንዳለበት ነገረን። መሣሪያው በዚያን ጊዜ አዲስ አበባም ቢሆን እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም፤ ቀጠሮ ይዘን መጠበቅ ነበረብን።

በጥበቃው ሳምንት ቤታችን ጾም ጸሎት ያዘ። አባታችን ኦቦ ነገራ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ጠዋት ማታ ተንበረከክን፤ እኔም ጉልበቴ እስኪላጥ ተንበረከክሁ። የዐይኗ ቆብ ቀስ በቀስ ተነሣ። ራስ ምታቱም ለቀቃት። በሚቀጥለው እሁድ ለሊሴ ከጉባኤው ፊት ቆማ በሁለቱም ዐይኖቿ ሕዝቡን አየችና «ዋቀዮ ገለቶሚ!» ብላ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ቤቱ ተነሣ። እኔም አለቀስኩ፤ ማንም አላመነኝም እንጂ።

ከጎጆ ለጸሎት የወረደች አንዲት እናት ነበረች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን ያዘለች። ለሊሴ ስትመሰክር ያቺ እናት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ላይ አነሣችው።

በእኛ ጉባኤ ምስክርነት ከተሰጠ ወዲያ ፈውሱ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። የሁሉም ነው። ተፈወስኩ ያለ ሰው ሐኪም ቤት ደጅ ከታየ «ታዲያ ያ ምን ነበር?» ይባላል። ይህን የሚያዝ ሕግ የለም። እንዲያውም ፓስተራችን ራሳቸው «ሐኪሙንም የሰጠን እሱ ነው፣ ሂጂ ልጄ» ብለዋታል። እሷ ግን ቀጠሮውን ተወችው።

እኔ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ። ዐይኗ ተከፍቷል አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለሉ ቀና ብሎ አየኝ። «የዐይኗ መከፈት እብጠቱ ሄደ ማለት አይደለም። እንደ ምንም ብለህ ውሰዳት» አለኝ።

እንደ ምንም ማለቱን ያዝኩ። ከሳምንታት በኋላ ለሊሴ በመጣች ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ ሽሮው መሃል እንጀራዬን አስቀመጥኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እባካችሁ፣ ይህችን ልጅ አዲስ አበባ እንውሰዳት። ሕመሟ አልሄደም። ደም ስሯ ሊፈነዳ ይችላል።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የእናቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እማዬ?»

«ምንም» አለች ሳቋን በነጠላዋ አፍና። «ጨርሰው እንጂ። መጨረሻው ምንድን ነው?»

«መጨረሻ የለውም! እውነቴን ነው! ማሎ፣ እመኑኝ!»

አባቴ ጺሙን እየዳበሰ «ዳባ፣ ስለ ጊደር ነው ስለ ሰው የምትነግረን? እሱን ለይልን» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንባዬ መጣ። ያ ደግሞ አባሰው። ለካ ላለቅስ ስል የሚመጣው ፊቴና የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ሳስመስል የማመጣው ፊት አንድ ነው። ለሊሴ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቷት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ጋሽዬ፣ ድገመው!» ትለኛለች።

ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቅ ኖሮ አንድ ቀን ከልቡ ሊናገር ሲፈልግ የሚናገርበት ሌላ ፊት ከየት ያመጣል? እኔ አንድ ፊት ነበር ያለኝ።

እውነቱን ሲስቁበት ጊዜ ወደ ውሸት ዞርኩ፤ እሱ እንኳ ሥራዬ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። እንዳይነቁብኝ ከምሳ ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመስኩም፤ ሻሽ አሰርኩ፤ አቃሰትኩ፤ ግድግዳ ተደግፌ ሄድኩ። የለሊሴ ሕመም ወደ እኔ የተላለፈ እስኪመስል ድረስ ሆነልኝ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ሲጸልይልኝ አንዱን ዐይኔን በስሱ ገልጬ አየሁት፤ ጉንጩ ርሶ ነበር። ያን ጊዜ ተነሥቼ ልናዘዝ ቃጣኝ። ግን ያመኑኝ ያኔ ብቻ ስለሆነ ዐይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

«አዲስ አበባ ልታይ። ለሊሴ ትውሰደኝ» አልኩ በሞተ ድምፅ። ለሊሴ ለርእሰ መምህሩ ቃል ልካ አስፈቀደችና ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን።

ኅዳር ነበር። ከአምቦ እስከ ጊንጪ ጤፉ ከፊሉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ከፊሉ ቆሞ በነፋስ ይተኛል ይነሣል። በየአውድማው በሬዎች እየዞሩ ያበራያሉ፤ የጭዱ ሽታ በመስኮት ይገባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የበሬዎቹን ባለቤቶች በስም እየጠራሁ አማቸው ነበር፤ ያን ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ በየድልድዩ አቃስታለሁ። ለሊሴ ራሴን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ቀስ እያለች ትዘምርልኛለች። የታመመው ጭንቅላት የእሷ፣ የተደገፈው የእኔ።

ጊንጪ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ «ጎሚስታው እስኪጨርስ ምሳችሁን ብሉ» አለን። ከጎሚስታው ፊት ለፊት ያለ ምግብ ቤት ገባን። በሩ ላይ ሥጋ ተሰቅሏል፤ ከውስጥ ሽንኩርትና ሮዝመሪ የገባበት ጥብስ ይንጫጫል። ከትናንት ምሳ ወዲህ ባዶ የሆነው ሆዴ ድምፅ አሰማ።

ለሊሴ ለራሷ ጥብስ አዘዘች። ለአስተናጋጁ «ለእሱ ሻይ ይበቃዋል፣ ታሟል» አለችው።

ጥብሱ መጣ። ሻዬን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አዘነችልኝ። «አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ ለአቅም» ብላ አጎረሰችኝ። ሁለተኛዋን እምቢ አላልኩም። ሦስተኛዋን ራሴ ጠቀለልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ትሪው ባዶ መሆኑንና ከእኔ ሳይማከር የወጣውን ድምፄን ነው።

«ወንድሜ! አንድ ጥብስ ድገመን፤ ቃሪያውን አብዛው!»

ያ የአንድ ጤነኛ የከብት ነጋዴ ድምፅ ነበር። ለሊሴ እጇን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«ጋሽዬ።»

«አቤት» አልኩ፣ በሕመምተኛው ድምፅ። ረፍዷል።

«ራሱ ሊሰነጠቅ የደረሰ ሰው ቃሪያውን አብዛው ይላል?»

ከዚያ ሳቀች። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ሻሿ እስኪወልቅ። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ነገሩ ሳይገባቸው አብረዋት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሳቋ ይጋባል። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

«አሁን ንገረኝ፣ ኦቦ ዳባ። የምንሄደው ለእኔ ነው አይደል?»

«ላንቺ ነው።»

«መስክሬያለሁ እኮ።»

እጇን ይዤ መንገዱን አሻገርኳት። ጎሚስታው የአውቶቡሱን ካላማዳሪያ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ አውጥቶ፣ ነፍቶ፣ ቀዳዳውን ሊፈልግ በሳፋ ውኃ ውስጥ ያዟዙረዋል። ላስቲኩ አንድ ጎኑ ላይ ሳስቶ እንደ እንቁላል ወጣ ብሏል፤ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ያብለጨልጫል።

«ይኸውልሽ» አልኳት። «ሐኪሙ ያለው ይህን ነው። ቀልድ የለውም።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«እህቴ፣ ተይው» አላት ጎሚስታው። «እሱ አይታመንም። ሌላ ነው የማስገባው።»

ጣቷን ሰብስባ በዚያው ጣት የግራ ዐይኗን ቆብ ዳበሰች።

«ያልፈራሁ እንዳይመስልህ፣ ጋሽዬ።»

«ታዲያ እንሂድ! ከዚህ እኮ ቅርብ ነው!»

«ያቺን ሕፃን ያዘለችውን እናት ታስታውሳታለህ? ገበያ በወጣች ቁጥር ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ትመጣለች። አታናግረኝም። ዐይኔን ብቻ አይታ ትመለሳለች። ለሊሴ ሐኪም ቤት ገባች ከተባለ ምን አይታ ትመለስ?»

«እሷ እንደ ፍጥርጥሯ ትመለስ! አንቺ…»

«እስከ ፋሲካ» አለችና ክንዴን ያዘችኝ። «ልጇ ትንሽ ይሻለው። ከፋሲካ በኋላ አንተው ውሰደኝ፤ ቃሌ ነው። ያኔ መታመም አይጠበቅብህም፣ እየበላህ ትወስደኛለህ።»

እንደገና ልትስቅ ነበር። እኔም ተሸነፍኩ። አንድ ወሬ እንኳ በቁም ነገር ጀምሬ በቁም ነገር መጨረስ አላውቅበትም ነበር። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጎማው ተሠርቶ ጥሩምባውን ሲነፋ እኛ ከመንገዱ ማዶ ወደ አምቦ የሚመለስ መኪና እየጠበቅን ነበር። ሁለተኛውን ጥብስ በጋዜጣ አስጠቅልላ ያዘች፤ በመንገድ ላይ እያጎረሰችኝ በላነው። ቤት ስንደርስ ታሪኩን ከነድምፄ አስመስላ ነገረቻቸው። እናቴ ከልቅሶዋ ወደ ሳቅ ስትሻገር ነጠላዋን መቀየር እንኳ አላስፈለጋትም። አባቴ ብቻ ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ስሜም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቃሪያ አብዛው» ሆነ።

ፋሲካ አልደረሰም። የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ጎጆ ላይ፣ ሰሌዳ እየጻፈች ሳለ ጠመኔዋን ጥላ ራሷን ያዘችና ወደቀች። መምህራኑ ድንች የጫነ አይሱዙ አስራግፈው ወደ አምቦ አወረዷት። ያ መንገድ ያኔ መንገድ አልነበረም። አምቦ ሳይደርሱ ሞተች።

እኔ ደንዲ ከብት እየከተብኩ ነበር። አንድ ባልደረባዬ በሞተር ብስክሌት መጣና «ለሊሴን ትንሽ አሟታል፣ ና እንሂድ» አለኝ። ከብት ይዘው የተሰለፉት ገበሬዎች ሁልጊዜ ሲያሾፉብኝ የሚውሉ ናቸው። ዙሪያዬን አየሁ። የሚያሾፍብኝ የለም። አንዱ ሽማግሌ መርፌውን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደና «ሂድ፣ ልጄ» አለኝ። እዚያው ገባኝ።

ለቅሶው ላይ ያቺ የጎጆዋ እናት ልጇን አዝላ መጣች። አባቴ ፊት ቆማ «ተፈውሳ ነበር እኮ፣ ኦቦ ነገራ» አለችው። አባቴ ለሐዘንተኛ ሁሉ የሚለው የማያጣ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠውና ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ አቅፎት ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እኔ ስናገር ሰው ዝም ብሎ ያዳምጠኝ ጀመር። ምን ያደርግልኛል?

ይህን ሁሉ፣ ልጄ አጠገቤ እያለች፣ ለአዲስ አበባው ወጣት ሐኪም ነገርኩት፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደጅ እያለ፣ ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። እሷም እንደ እኔ ያለ ቧንቧ ይኑራት አይኑራት ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገረኝ። «ብትደርስስ ኖሮ?» አልኩት። «እውነቱን ልንገርዎት፣ አባባ። በዚያን ጊዜ ምናልባት እብጠቱን ማየት ይቻል ነበር። ማዳን መቻሉን እጠራጠራለሁ።»

ሊያጽናናኝ ነው የነገረኝ፤ ደግ ልጅ ነው። ግን አላጽናናኝም። አይቻልም የሚባል ከሆነ እኮ ነጭ የለበሰ ሐኪም፣ የጭንቅላቷን ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ፣ ዐይኗን እያየ ይንገራት ነበር። እኔ ግን እዚያ ሳላደርሳት፣ ጊንጪ ላይ፣ በሆዴ ምክንያት መለስኳት።

ወደ አምቦ ስንመለስ መኪናውን የምትነዳው ልጄ ነበረች። «ቃሪያ አብዛው» የሚለውን ታሪክ እሷና ወንድሞቿ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ በበዓል ቀን ከነድምፁ የምነግራቸው ራሴ ነኝ። አክስታቸው እንደሞተችም ያውቃሉ። ሁለቱ አንድ ታሪክ መሆናቸውን ግን አያውቁም ነበር።

«አባዬ፣ ሁልጊዜ ጥብሱ ላይ የምታቆመው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

በመስኮቱ በኩል ሜዳውን እያየሁ ነበር፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው።

«እዚያ ላይ እየሳቀች ነዋ» አልኳት።